አሥር መካኒክ ለአንድ ጎማ

መኪና ሲጮህብን መጀመሪያ እጃችን የሚሄደው ወደ ሬዲዮው ነው። ድምፁን ከፍ እናደርጋለን፣ ጩኸቱ ይጠፋል፣ ተሠራ ማለት ነው። ዜና ላይ ሆኖ አልሸፍን ካለ ዘፈን ያለበት ጣቢያ እንፈልጋለን።

የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ራቭ ፎር በግቢው በር ስትገባ ከኋላዋ «ጺ...ጥ» ማለት የጀመረችው ክረምት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ «ዝናብ ነክቷት ነው» አለን። ጥቅምት ላይ «አቧራ ገብቶባት ነው» ሆነ። ኅዳር ሲመጣ «ጠዋት ጠዋት ይበርዳታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ትተወዋለች»። በዚያ ዓመት የግቢያችን የአየር ጠባይ ትንበያ ይነገር የነበረው ከእሱ መኪና ነው።

ያቺ ጩኸት ግን በሽታ አይደለችም፤ ተቀጣሪ ናት። አዲስ የፍሬን ሸራ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ተበልቶ ተበልቶ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው፣ ከጎኑ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩን መፋቅ ትጀምራለች። ፋብሪካው እዚያ ያስቀመጣት ባለቤቱን እንድትነዘንዝ ብሎ ነው። እኛ ንዝነዛ ችሎ በመኖር የተመሰከረልን ሕዝብ መሆናችንን የነገረው የለም።

መሀል ላይ ደግሞ ቀይ መብራት በራ። የፍሬን ዘይት ጎድሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሸራው በሳሳ ቁጥር ከጀርባው የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዘይቱም ተከትሎት ስለሚሄድ ላይ ካለው ማጠራቀሚያ ይጎድላል። መብራቱም የሚያወራው ስለ ሸራው ነበር። ጎረቤቴ ግን ዘይት ገዝቶ እስከ አፉ ሞላና መብራቱን ዝም አሰኘው። ይህችን ዘይት ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

«ጋራዥ ለምን አይወስዳትም?» ብሎ የሚጠይቅ መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። ጋራዥ መኪና በአንድ በሽታ ገብታ በሦስት የምትወጣበት ቦታ ነው። መካኒኩ ገና ኮፈኑን ሲከፍት ራሱን ይነቀንቃል። «ማነው እዚህ ጋ የነካው?» ይላል። ባለፈው የነካው እሱ ራሱ ቢሆንም ይላል። ሸራ ቀይርልኝ ብለህ የሄድከውን ሰውዬ ኩሽኔታ አምጣ ይልሃል፤ ኩሽኔታ ይዘህ ስትመለስ ምሳ ወጥቷል። ታማኝ መካኒክ የለም ማለቴ አይደለም። ሁላችንም አንድ አንድ ታማኝ መካኒክ እናውቃለን፤ ወይ ስልክ አያነሳም፣ ወይ ካናዳ ገብቷል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማታ «ራሴ እቀይረዋለሁ» ተባለ። ሚስቱ «የመታጠቢያ ቤቱን አምፖልስ?» አለችው። ጥያቄው ከርዕሱ ውጪ ነው ተብሎ ታለፈ።

ሸራው አስቀድሞ ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ተቀምጧል። እንዴት እንደተገዛ ራሱ ነው የነገረን። ሻጩ «ኦርጅናል ነው የምትፈልገው?» አለው። «አዎ።» «ኦርጅናል ወይስ ኦርጅናል ኦርጅናል?» ልዩነቱን ሲጠይቀው ሻጩ ሳይደብቅ ነገረው፤ «ኦርጅናሉ ካርቶኑ ነው፤ ኦርጅናል ኦርጅናሉ ውስጡም ነው።» እዚያው አጠገቡ አንድ ባለ ቪትዝ የኋላ ዲስክ ሸራ ሲከራከር ቆይቶ፣ ዋጋውን ግማሽ ድረስ አስወርዶ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ አሉ። እዚህ አገር የምናያቸው ቪትዞች አብዛኞቹ ከኋላ ዲስክ የላቸውም፤ ታምቡር ናቸው። ቢሆንም ክርክሩን አሸንፏል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መኪናዋ ከብሎካችን ፊት ለፊት ቆመች። ኮፈን የተከፈተ መኪና ሁለት ሦስት ወንድ ይሰበስባል፤ ጎማ የሚወልቅ መኪና ግን ብሎክ ሙሉ ያስወርዳል። ግቢው በሙሉ ጋሼ የሚላቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ጋቢያቸውን እንደለበሱ በርጩማ ይዘው መጡ። ኢንጂነሩ ወረደ፤ የሲቪል ኢንጂነር ነው፣ ግን እንደዚህ ባለ ቀን ማንም አይለይበትም። ባለ ዲዛየሩ መጣ። የማላውቃቸው ሰዎችም ነበሩ፤ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ያዩና የቀሩ ይመስለኛል። ከአንድ መካኒክ የሸሸ ሰው በአሥር መካኒክ ተከቦ ቁጢጥ አለ።

እኔ ቡና የምቆላው ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ነው። በዚያን ቀን ግን ጭሱ አስቸገረኝና ማንደጃዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። በረንዳዬ ደግሞ ቁልቁል የሚያየው መኪናዋን ነው፤ ምን ላድርግ።

ሥራው በዘበኛው ተጀመረ። ሁለት ደህና ደህና ድንጋይ አምጥቶ አንዱን ከቀኙ የኋላ ጎማ ፊት፣ አንዱን ከኋላው ወተፈና በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረጋቸው። ችግሩ፣ የሚነሳው ያው ጎማ ነው። ድንጋይ የሚፈልጉት የፊቶቹ ናቸው፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ብቻ ስለሆነ ኋላው ከመሬት ሲለቅ መኪናዋን የሚያቆማት እንዳይጠፋ። እጅ ፍሬኑም ቢሆን «መለቀቅ አለበት» ተብሎ ተለቋል። ክሪኩ መኪናዋን ብድግ ሲያደርጋት ሁለቱ ድንጋዮች የሌለ ጎማ ሲጠብቁ ቀሩ፤ ዘበኛውም ከሥራ ባልደረቦቹ ጎን ቆሞ ዋለ።

ቀጥሎ የጎማው ዳዶዎች። ጎረቤቴ መፍቻውን አስገብቶ ሲጫነው ጎማው አብሮት ዞረ። ደግሞ ሲጫነው ደግሞ ዞረ። ሁለት ሰው ጎማውን አቅፎ ያዘለት፤ ሁለቱንም ይዟቸው ዞረ። ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት እንደነካ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ክሪክ የሚገባው። መኪናዋ እንደገና ስትወርድ ጋሼ ከበርጩማቸው ሆነው «አውቄው ነበር» አሉ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ ጋሼ?»

«ይማር ብዬ ነዋ።»

ጎማው ወለቀ፣ ዲስኩ ታየ፣ ዲስኩን የነከሰው ካሊፐር ታየ። ሁላችንም «አሃ» አልን፤ ምን እንዳየን የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤቴ ስልኩን ጭቃ መከላከያው ላይ አስደግፎ ዩቲዩብ ከፈተ። በቪዲዮው ያለው ፈረንጅ ነጭ ቲሸርት ለብሶ የካሊፐሩን ብሎን በሁለት ጣቱ ይፈታል፤ ቲሸርቱም እስከ መጨረሻው ነጭ ነው። የእኛ ብሎን ግን ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ተነክታ የምታውቅ አትመስልም። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክተው ተንጠለጠሉበት፣ ዘይት አጠጧት፣ ሰደቧት፣ በመጨረሻ «ቃ» ብላ ለቀቀች። ካሊፐሩ ከቦታው ተነስቶ በጎረቤቴ እጅ ላይ ባለበት ቅጽበት ቪዲዮው ቆመ። ጥቅሉ አልቋል። አሥሩም ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ዳታ ያለው አንድም ሰው አልተገኘም። ምክሩ ግን ያልተገደበ ጥቅል ነው፣ እሱ አልተቋረጠም።

በዚህ መሀል ሚስቱ ሽሮው ቀዘቀዘ ልትል ወረደች። ካሊፐሩ ከእጁ ወርዶ በራሱ የላስቲክ ቱቦ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። «ይሄ በዚህ ቀጭን ነገር ተሰቅሎ አይጎዳም?» አለች። ይጎዳል፤ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦ ነው፣ ውስጡ ቢሰነጠቅ ከውጭ ላይታይ ይችላል። መልስ ሳትጠብቅ ወጥታ የልብስ መስቀያ ሽቦ አመጣች፣ አጥፋ ካሊፐሩን ከላይ ሰቀለችውና ወደ ሽሮዋ ተመለሰች። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ከተባለው ሁሉ የማያከራክረው ይህ አንዱ ነበር። ለዚህ ይሆናል ማንም ያልተከራከረበት፣ ማንም ያላመሰገናትም።

የሰባት ዓመት ልጃቸው ደግሞ ከሁሉም የተሻለውን ቦታ ይዟል፤ መሪው ጋ ተቀምጦ አፉን ሞልቶ «ቩውም ቩውም» እያለ ወደ ሐዋሳ ይነዳል። ሞጆ አካባቢ መሰለኝ ፍሬን ያዘ። ካሊፐሩ ከዲስኩ ሲወርድ ፒስተኑን ፊት ለፊት የሚያቆመው ነገር የለም፤ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር እየገፋ ይወጣል፤ ደጋግሞ ቢረግጠው ተፈንቅሎ ዘይቱ በሙሉ ይፈሳል። አባቱ ጮኸ፣ ልጁ ደነገጠ፣ ፒስተኑ ግን ወጥቷል። አሁን ለአዲሱ ወፍራም ሸራ ቦታ እንዲለቅ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት።

እዚህ ላይ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ኢንጂነሩ «ይጠመዘዛል» አለ። ባለ ዲዛየሩ «ይገፋል» አለ። አንዱ ፒንሳ አነሳ፣ ሌላው የድሮውን ሸራና ማጥበቂያ አነሳ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። አንዱ ዘመዱ ጀርመን አገር መኪና ፋብሪካ እንደሚሠራ አስታወሰ፤ ሌላው አባቱ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ እንዳደጉ አስታወሰ። እውነቱ፣ የእጅ ፍሬኑ እዚያው ካሊፐሩ ውስጥ የተሠራ ከሆነ ፒስተኑ እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው፤ ያለ መጠምዘዝ ብትገፋው ትሰብረዋለህ። የእጅ ፍሬኑ ለብቻው ከሆነ ግን ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ስለ ሌላ መኪና።

ክርክሩ ሲጦፍ ኢንጂነሩ ከሚስቱ ስልክ ዳታ ተበድሮ ማስረጃ ፍለጋ ገባ። የተመለሰው በታሪክ ነው። ዲስክ ፍሬንን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 በስሙ እንዳስመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ጃጓር በአራቱም ጎማ ዲስክ ገጥሞ ፈረንሳይ አገር ሌ ማን ላይ የ24 ሰዓቱን ውድድር እንዳሸነፈ በሚያምር ድምፅ አነበበልን። ጎረቤቴ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ቀና አለ። «ላንቸስተርን ጥራልኝና መጥቶ ይግፋልኝ» አለ።

«መጽሐፏን ተመልከቱ» የሚል ሐሳብ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ተገኘ፤ ከገዛት ጀምሮ ላስቲኩ አልተቀደደም። ተከፈተ፤ ዓረብኛ ነው። መኪናዋ በዱባይ በኩል የመጣች ናትና። ምድር ቤት የምትኖር፣ ጅዳ ዓመታት ሠርታ ንግግሩንም ንባቡንም ችላ የተመለሰች ልጅ ተጠራች። ጋሼ በርጩማቸውን ለቀቁላት። ስለ ፍሬን የሚለውን ገጽ ፈልጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

«ምን ይላል?»

«መኪናዎን ወደ ጋራዥ ይውሰዱ ይላል።»

መጽሐፉ ተዘጋ። ዲስኩ መሀል ላይ ያለው ጎላ ያለ ነገር ውስጡ ትንሽ ታምቡር እንዳለው፣ የራቭ ፎር እጅ ፍሬንም እዚያ ውስጥ ለብቻው እንደሚሠራ ጋሼ ተናገሩ፤ ስለዚህ ይገፋል። ተገፋ። ፒስተኑ ቀስ እያለ ገባ። ጭብጨባ ሆነ። ፒስተኑ ሲገባ ግን ዘይቱ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ማጠራቀሚያው ደግሞ ባለፈው እስከ አፉ ተሞልቷል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ዘይት ይህቺው ናት። ሞልታ ፈሰሰችና ከኮፈኑ ሥር እየተንጠባጠበች በጭቃ መከላከያው ቀለም ላይ ወረደች። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ቶሎ በውሃ ካልታጠበ ልጦ ያነሳዋል። ዘበኛው ባልዲ ይዞ ሮጠ። ሸራ ለመቀየር የገባች መኪና ቀለም ቀቢ ፈለገች፤ ጋራዥ ያልሄድነው ታዲያ ይህ እንዳይመጣ ብለን አልነበረም?

እኔም ዝም አላልኩም። ሁሉም ሰው አንድ አንድ ነገር ሲል መቀመጥ ነውር መሰለኝና ረከቦቴ ላይ ሆኜ «ግሪስ ቀቡት እንጂ!» አልኩ። ግሪስ የት እንደሚቀባ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ እንጃ። ለካ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ ሲደርቁ ሸራው አንድ ጎኑ ብቻ ይበላል፤ ግሪስ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። ዲስኩና የሸራው ፊት ግን ጠብታ እንኳን እንዳይነካቸው ነው። ጋሼ ወደ ላይ ቀና ብለው አዩኝና «እሷ እኮ ታውቃለች» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መኪና የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ አላሳፍራቸውም፣ እመልሳለሁ።

የቀኙ ተገጥሞ ሲያልቅ ቀኑ ወደ ማታው አዘንብሏል። ሁሉም ደክሟል፣ ሽሮውም ሁለተኛ ሞቋል። የግራውስ? «የሚጮኸው የቀኙ ነው» ተባለ። ሸራ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ሁለቱ ጎማ እኩል አይይዝም። ካርቶኑም ይህንን ስለሚያውቅ ነው በውስጡ አራት ፍሬ ይዞ የሚመጣው። የተረፉት ሁለቱ ግን ከነካርቶናቸው ፎቅ ወጥተው ፍሪጅ አናት ላይ ተቀመጡ። «ለክፉ ቀን» ብሏል አሉ።

መኪናዋ ተነሳች። ጎረቤቴ ገብቶ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ወለል ነካ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ከተገፋ በኋላ፣ መኪናዋ ቆማ እያለች ፔዳሉን ደጋግመው እየረገጡ ወደ ሸራው መመለስ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። ይህን የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ «ይማር» ብለው ነበር። መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ቆሻሻ ገንዳው አመራች፣ አሥሩ መካኒክ በአሥር አቅጣጫ ተበተነ፣ ጎረቤቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ገንዳው አፍንጫ ሥር አቆማት። ጸሎት ሳይሆን ያቺ ለብቻዋ የምትሠራ ትንሽ ታምቡር ናት ያወጣችው፤ እሱ ግን ማታውኑ ስለት አስገብቷል።

ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ ጠጠረ። ያዘ። «አሁን እሺ ናት!» ብሎ በሩን ከፈተ፤ «ግቡና አንድ ዙር እንሂድ።»

«ምንም ችግር የለባትም» አለ ኢንጂነሩ፤ እሱ ግን ስብሰባ አለበት። እሁድ ማታ። ባለ ዲዛየሩ «ከአዲስ በላይ ሆናለች» አለ፤ ልጆቹን ማስጠናት አለበት። ዘበኛው በር ጥሎ መሄድ እንደማይፈቀድለት ያኔ ትዝ አለው። እኔን ቀና ብሎ ሲያየኝ ቶና ላይ ነኝ፤ በረካ ጥሎ መሄድ ደግ አይደለም።

ዛሬ ያ ሰው የግቢያችን ማስተር ነው። ጎማ ሲወልቅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፣ «እኔ በራሴ መኪና ስሠራው» ብሎ ይጀምራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏልና ግቢያችንም ተለውጧል፤ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት የወረደ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚጠባ አይዲ ፎር ቆሞ ታያላችሁ። ማስተራችን ባለቤቱን ያዘውና «የኋላ ሸራውን ፈትተን እንየው» አለው። በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና እግር ከፔዳል ሲነሳ ሞተሯ ራሱ እየያዘ ያዘገማታል፤ ፍሬኗን እምብዛም አትበላም። ባለቤቱም እንደዚያ አለ። ማን ይሰማዋል። ዳዶው መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ላላ፣ ድንጋዩ የፊት ጎማ ሥር ገባ፣ ጉባኤው ተሟላ፣ ጎማው ወለቀ።

ዲስክ የለም። ቮልስዋገን ያቺን ሁሉ ስክሪን የደረደረባትን መኪና ከኋላ በታምቡር ነው የሠራት። ማስተራችን አንዴ ታምቡሩን፣ አንዴ እኔን አየ። ኢንጂነሩ ስልኩን አወጣ።

ጋሼ ከበርጩማቸው ተነሱ። ጋቢያቸውን አውልቀው ለዘበኛው ሰጡና እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። «ዞር በሉ» አሉ፤ «በወጣትነቴ የነዳኋት ቮልስም እንዲሁ ነበረች።»